ዋልዝ የተማርኩበት ቤት

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ያን ጊዜ ወጥ ቤት ብሆንም፣ ልብስ እያጠፍኩ ብሆንም ሮጬ በሩ ላይ እቆማለሁ።

«አሳልፊኝ፤ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው» ይሉኛል። «አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ካልደረስኩ ማን ይነፋላቸዋል?»

አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። የሚጠብቃቸውም ሰው የለም። ከበሩ ውጭ ያለው ዩለስ የምትባለው የፈረንጅ ከተማ መንገድ ነው፤ እግረኛ የማይታይበት፣ መኪና ብቻ የሚከንፍበት፣ ከላይ ደግሞ ኤርፖርት ሊያርፍ የሚወርደው አውሮፕላን ጎማውን አውጥቶ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው የሚያልፍበት።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ መሀል ነው። እኔ አርባን አልፌያለሁ። ሽማግሌውን ለማብላት፣ ለማጠብ፣ ለመጠበቅ የተቀጠርኩ ሴት ነኝ፤ «ሊቭ ኢን» ይሉታል፣ እዚያው እያደሩ መሥራት ማለት ነው። ልጄን ይዤ ነው የገባሁት። ከዚያ በፊት አንዲት ዘመዳችን ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነበር የምንተኛው። እሷ ስታገባ ባልዋ በሳሎን ባለፈ ቁጥር እኛ አንሶላ መጎተት ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን «ሶ፣ የራሳችሁን ቦታ ብትፈልጉ ጥሩ ነው» ተባልን። ስለዚህ የሽማግሌው ቤት የኋላ ክፍል ለእኔ የሥራ ቦታ ብቻ አልነበረም። ልጄ በሩን ዘግታ ልብሷን የምትቀይርበት ክፍል ነበር። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችባት እናት ይህን ትረዳኛለች።

የሽማግሌው ሴት ልጅ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ፣ ፍሪስኮ ነው የምትኖረው፤ ቢሮ ትሠራለች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ትመጣና እሁድ ከሰዓት ትመለሳለች። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዚያች ቀዳዳ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ታክሲ የሚነዳ ወንድም መጥቶ ይወስደናል። መኪና አልነዳ፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። ከእሁድ እስከ እሁድ ከፖስታ ሳጥኑ አላልፍም ነበር።

ልጅየዋ ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ቀን ግን ሻወር ቤቱን ሳጸዳ አባቷ ወጡብኝ፤ ሃይዌዩ ዳር ካለው ማደያ ፖሊስ ይዟቸው መጣ። እሷም መኪናዋን እያበረረች ከፍሪስኮ መጣች። አልጮኸችም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ እንዲህ አለችኝ።

«አንድ ጊዜ ደግሞ ከወጣ ነርሲንግ ሆም አስገባዋለሁ፤ ቤቱንም እሸጣለሁ። ገባሽ?»

«ኦኬ» አልኩ። በዚያ ቤት ከአፌ የሚወጣው ቃል እሱ ነበር።

ለምን አልቆለፍሽም የሚለኝ ይኖራል። ቆልፌ ነበር። ሽማግሌው በሩን በጡጫ ሲደበድቡ እጃቸው አብጦ ጠቆረ። ልጅየዋ የእጃቸውን መጥቆር ስታይ «እሳት ቢነሳስ?» ብላ ቁልፉን አስነቀለችው። ከዚያ በኋላ ቁልፉ እኔ ሆንኩ።

የሙዚቃ ካሴት ነበራቸውና እሱን ሞከርኩ። ባሰባቸው። ቴፑ ሲጮህ «ያለ እኔ ጀመሩ!» ብለው አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው ወደ በሩ። ቴፑን አጥፍቼ ደበቅሁት።

አንድ ቀን እንዲሁ ሐሳባቸውን ለማስቀየር «አልጋ ሥር ያለው ሳጥን ምንድን ነው?» አልኳቸው። ጎትቼ አወጣሁላቸው። ሲከፍቱት፣ ወይ ጉድ፣ ስልቻ! ጥቁር እንጨት ቱቦዎች የተሰኩበት፣ ዳር እስከ ዳር ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለው ጨርቅ የለበሰ ስልቻ። ስልቻ አውቃለሁ፤ እኛ አገር እህል ይያዝበታል፣ ማር ይያዝበታል። ሲዘፍን ግን አይቼ አላውቅም። «ባግፓይፕ ነው» አሉኝ። የተወለዱበት አገር ስኮትላንድ ሰው ሲጋባም ሲቀበርም የሚነፋው እሱ ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው በየአዳራሹ እየዞሩ ለጭፈራ ይነፉ ነበር።

አንስተው አፋቸው ላይ አደረጉት። አንድ ጊዜ ነፉ። ሳንባቸው የተበላ ሰው ናቸው፤ ሳሉ፣ ሳሉ፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ እስኪሆን ሳሉ። መንጫጫት ጀምሬ ነበር። ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀና ብለው ደረቴን አዩና «አንቺ ሳንባ አለሽ» አሉኝ።

ሳንባስ አለኝ። ግን እኔን ማን ሙዚቃ አስተምሮኝ? ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በፊት ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ሲያሳዩኝ ሽቦ ላይ ያረፉ ወፎች መሰሉኝ። «አላነብም» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «እኔም አንብቤ አልተማርኩትም። አጎቴ እየዘፈነ ነው ያስያዘኝ» አሉ። ለካ የነሱ የጥንት ሰዎች ዜማውን በቃል ነው የሚያስተላልፉት፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ትርጉም የሌለው ቃል አላቸው። «ሂን–ዶ–ሆ፣ ሂን–ዳ–ራ» ይላሉ፤ እኔ ተከትዬ እላለሁ። ከዚያ ጣቴን በቀዳዳዎቹ ላይ ያስቀምጡልኝና ያንኑ በመንፋት እደግመዋለሁ። የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ያልኩት ትዝ አለኝ። እንደዚያ ከሆነማ እችልበታለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ስልቻ በሌለው የመለማመጃ ቱቦ ነው የተማርኩት። የመረጡልኝ አንድ ዜማ ነው፤ የአገራቸው ዋልዝ። ዋልዝ ወንድና ሴት ተያይዘው የሚዞሩበት ጭፈራ ነው፤ ምቱ ሦስት ነው፣ አንዱ ከበድ፣ ሁለቱ ቀለል። ሲመሽ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት፣ የመጨረሻው እሱ ነው፤ ሽማግሌ ሳይቀር ሁሉም ይነሳበታል። «እርስዎም ይጨፍሩበት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ነፊ እንዴት ይጨፍራል?» አሉኝ። «ሚስቴ ከሌላ ሰው ጋር ስትዞር ዳር ቆሜ አያለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባርኔጣውን አያነሱም። ወንበራቸውን ያዞሩና «ነይ፣ ልጅት» ይሉኛል። ልቤ ተመለሰ። እሳቸውን ቤት ውስጥ የያዛቸው ዜማው መስሎኝ ነበር።

ስልቻውን ስጀምር መከራዬን አየሁ። በክንድሽ ሥር ታቅፊዋለሽ፣ ትነፊዋለሽ፣ ትንፋሽ ስትወስጂ በክንድሽ ትጨምቂዋለሽ፤ ድምፁ እንዳይቋረጥ። አንዴ ከጀመረ ዝም ማለት የሚባል ነገር አያውቅም። ዋሽንት ቢሆን ትንፋሽሽን ቆርጠሽ ታርፊያለሽ። ይሄ ዕረፍት የለውም። አንድ ድምፅ ሁለቴ ለመድገም እንኳ መሀል ላይ ዝም አትዪም፤ ሌላ ድምፅ በጣትሽ ብልጭ አድርገሽ ነው የምትለዪው። ደክሞኝ ልተወው ስል እንኳ በትከሻዬ ላይ ያሉት ረጃጅም ቱቦዎች ያለ እኔ ፈቃድ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃሉ። ከአውሮፕላኑ ሥር ስለምንኖር ጎረቤት አልተቆጣም። የተቆጣችው ልጄ ናት።

«ማሚ፣ ፍየል እያረድሽ ነው?»

«ዝም በይ፣ የቤት ሥራሽን ሥሪ።»

«እንዴት ልሥራ? ፍየሏ አልሞት አለች እኮ!»

ሽማግሌው አማርኛ ባይሰሙም በሳቋ ይስቁ ነበር። ደግሞ ወዲያው ኮስተር ይላሉ። «አይደለም። ሦስተኛው ላይ ቸኮልሽ። እንደገና» ይሉኛል። ስሳሳት እግራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። «ገና ነሽ። እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት አላቀርብሽም። ዛሬ አንሄድም።»

ዛሬ አንሄድም! ይህን ስሰማ በውስጤ እልል እላለሁ።

ታዲያ ሰው ሲደጋግም መልመዱ አይቀርም። አንድ ቀን ዋልዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣሁት። አንድም አልሳትኩ። እኔም ገረመኝ፤ ልጄም ከክፍሏ ወጥታ በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው እግራቸውን አንዴም ሳይመቱ ሰሙኝ። ሲያልቅ ቀስ ብለው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ደህና። ተዘጋጅተሻል። ስልቻውን ያዢ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እሳቸውን የያዛቸው ዜማው አልነበረም፣ የእኔ ስህተት ነበር። ተማሪያቸው እስካልበሰለች ድረስ አይሄዱም። በሩ ላይ እየተጋፋን «አንዴ ልድገምልዎት፣ መጨረሻው ላይ ተበላሽቶብኛል» ብዬ ለመንኳቸው። ደገምኩትና ሆን ብዬ አበላሸሁት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አየሽ፣ ገና ነሽ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ አለመቻል ሆነ። አንዱን ቀን መጀመሪያውን፣ አንዱን ቀን መጨረሻውን አጠፋለሁ። ማጥፋትም ቀላል አይደለም፤ ጣቴ ለምዶ በራሱ ይሄድብኛል። በጣም ካበላሸሁት ተስፋ ቆርጠው «ሌላ ሰው ልፈልግ» ብለው ይነሳሉ፤ ካሳመርኩት «እንሂድ» ይላሉ። በሁለቱ መሀል ነበር የምኖረው። ሌላ ሴት ወጥ ላይ ጨው እንደምትመጥን እኔ ስህተት እመጥናለሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወሬው ደርሶ ነበር። አንዲት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት አሉ፤ የሚመክሩትም የሚገስጹትም እሳቸው ናቸው። «ስልቻ ነፊ ሆነሽ ቀረሽ አሉ?» ብለው ቀልደውብኝ ነበር። ከዚያ ግን ሁለት እሁድ ያህል ቀልዳቸው ጠፋ። እጄን ይዘው ያቆዩኛል፣ ያዩኛል፣ «በርቺ» ብለው ይሄዳሉ። ታክሲ የሚነዳው ወንድምም ሬዲዮኑን አጥፍቶ ይነዳል። አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር፤ አልጠየቅሁም። የምፈራ ሰው ነኝ፤ መጠየቅም እፈራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። እትዬ ከፊት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፤ ከኋላ ሌሎቹ። የእኛ ሰዎች በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ሲመጡ ለምን እንደሚመጡ እናውቃለን። በሩን ሳልከፍት የሞተብኝ ማን እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቅሁት። «ማን ነው? ማንዬ ነው?»

እናቴ ነበረች።

ከሞተች ሰንብታለች። መርዶው ደርሷቸው የት እንደሚነግሩኝ ጨንቋቸው ነው የያዙት። «የሰው ቤት ናት፤ የት ታልቅስ?» እየተባባሉ። ሌላ ቤት ወስደው እንዳይነግሩኝ ከእሁድ በቀር አልወጣም፤ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ልባቸው እንቢ አላቸው። እኔ ለካ እናቴ ሞታ ስልቻ ስነፋ ነው የሰነበትኩት።

ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ደረታቸው ላይ አፈኑኝ። «ቀስ፣ የእኔ ልጅ፣ ቀስ። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።» ነጠላዬን ነከስኩ። እናቴን ያለቀስኳት በጥርሴ ነው።

ሰዉ ሳሎኑን ሞላው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ንፍሮ አመጡ። እኔ በልቤ ሰዓት እቆጥራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ልጅየዋ ከፍሪስኮ ትመጣለች፣ ቤቱ በማታውቀው ሰው ተሞልቶ ታየዋለች። ታዲያ ለቅሶ የመጣን ሰው ሂዱልኝ ይባላል? ሽማግሌውን ልጄ በክፍላቸው አብልታ፣ ቴሌቪዥን ከፍታ ስታቆይልኝ ዋለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክፍላቸው ተከፈተ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ ከዘራቸውንም ይዘዋል። ሳሎኑን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰው ግድግዳውን ይዞ ዙሪያውን ተቀምጧል፤ ሴቱ ነጭ ለብሷል። ፊታቸው በራ። እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«መጡ!» አሉ። «ሁሉም መጡ!» ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉ። «ተነሽ፣ ልጅት። ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

«ዛሬ አልችልም» አልኳቸው። «እናቴ ሞታብኛለች።»

ዓይኔን አዩኝ፤ የገባቸው አልመሰለኝም። «ሰዉ መጥቷል እኮ» አሉ፣ ልክ እንደ ልጅ። እምቢ ስላቸው ተቆጡ። «እንግዲያው ሌላ ነፊ አመጣለሁ» ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ታክሲ ነጂው ወንድም ተነስቶ መንገድ ዘጋባቸው። በከዘራቸው እጁን መቱት።

«ኧረ ሰውዬው!» አለ እጁን እያሻሸ። «ምን አድርጌያቸው ነው?»

ልጄ አየችኝ። «ማሚ፣ ልጃቸው ልትደርስ ነው። ንፊው በቃ» አለችኝ።

ሐዘን የተቀመጠች ሴት ዓመት ሙሉ ዘፈን አትሰማም። ሬዲዮ እንኳ ታጠፋለች። በመርዶዋ ቀን ተነስታ ሙዚቃ የነፋች ሴት በእኛ ዘንድ ሰምቼ አላውቅም። ግን የኋላዋን ክፍል በር አየሁ። ነጠላዬን እንደተዘቀዘቀ ወገቤ ላይ አሰርኩና ስልቻውን አነሳሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ እትዬ።

«ይማሩኝ፣ እትዬ» አልኩና ነፋሁ።

ያን ቀን ስህተት አልመጠንኩም። ልሳትም ላሳምርም ያልኩት ነገር የለም። ሲቃዬ ትንፋሼን እየቆረጠው ክንዴ ብቻ ስልቻውን ይጨምቃል፤ ድምፁ ግን አልተቋረጠም። ጠዋት በነጠላ የታፈነው ጩኸቴ በዚያ በኩል ወጣ። ያንን ጎረቤቱ የለመደው ነውና ፖሊስ አልጠራም። ከወንዶቹ አንዱ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሴቶቹ ግን፣ ዘፈን ነው አልተባሉ፣ ለቅሶ ነው አልተባሉ፣ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ሰሙ። «ገና ነሽ» አላሉም። ከዚያ ሳሎኑን አቋርጠው እትዬ ፊት ሄዱና ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

የነሱ ሰው ለዋልዝ ሲጋብዝ እንደዚያ ነው። እትዬ ግን ምን ያውቃሉ? ሽማግሌ ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሊያስተዛዝናቸው የመጣ መሰላቸው። ተነሱ። «ምን ይሆናል፣ አባቴ፣ የእግዜር ነው» እያሉ ትከሻቸውን ስመው አቀፏቸው። ሽማግሌውም አንድ እጃቸውን እትዬ ወገብ ላይ አደረጉ። እትዬ እንደ አልቃሽ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛሉ፤ ሽማግሌው ደግሞ አንድ ከበድ፣ ሁለት ቀለል እያደረጉ ይረግጣሉ። እንዲያ ሆነው ቀስ ብለው ዞሩ። እትዬ ያለቅሳሉ፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይላሉ። ማቆም ፈለግሁ፤ ሳቆም ምን እንደሚመጣ ስላላወቅሁ ከመጀመሪያው ደገምኩት።

ልጅየዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደገባች አላየሁም። የመኪና ቁልፏን በእጇ እንደያዘች አባቷን ታያለች። ዜማው ሲያልቅ ሽማግሌው ለእትዬ እጅ ነሱና «አመሰግናለሁ» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወዲያው አንቀላፉ። እትዬም ተቀመጡና «ደህና ሰው ናቸው፤ ትንሽ ይገፋሉ እንጂ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያንን ነገር ግን አልሰማሁም። ለሚጠይቀኝም አልሰማሁም እላለሁ።»

ልጅየዋ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ስለ እናቴ ነገርኳት፤ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከልቧ ነው። ከዚያ ፊቷን ጠረገች።

«ሲጨፍር አይቼው አላውቅም» አለችኝ። «በሕይወቴ። ቤቱን አልሸጥም። ከዚህ የትም አይሄድም።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል ስል ቀጠለች።

«ግን ያለ አንቺ አይሆንለትም፤ አሁን አየሁት። እኔ ስመጣና አንቺ ስትወጪ ይረበሻል። ሶ ቅዳሜና እሁድም እዚሁ ብትሆኚ ነው የሚሻለው። እኔ አልፎ አልፎ መጥቼ አየዋለሁ። እናንተ ደግሞ ቤቱን እንደ ቤታችሁ ቁጠሩት። ኦኬ?»

የእናቴ አርባ ገና ከፊቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ፍትሐት ማስፈታት፣ ለሰዉ ዳቦ መቁረስ ነበረብኝ። ያን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሳሎን ውስጥ ንፍሮ የያዘ ሳህን ሲነሳ ይሰማኛል።

«ኦኬ» አልኩ።

ልጄ ማቀዝቀዣው አጠገብ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ልጅየዋ እንደወጣች ጠጋ አለችኝ።

«ማሚ፣ እሁድ አያስፈልገኝም ማለትሽ እኮ ነው። ለምን ኦኬ አልሽ?»

«ሂጂ ክፍልሽን ዝጊ፤ ሰው በዝቷል» አልኳት።

ሄዳ ዘጋችው። እኔም ለለቅሶው ሰው ሻይ ጣድኩ።